«ስንት ፐርሰንት ደረሰ?»

ኮሚቴው ለ1980 ተመራቂዎች መጽሔት አንድ ነገር እንድጽፍ ሲደውልልኝ፣ ስለ ዶርም ትኋንና ስለ ካፌው ወጥ የሚጽፍ እንደማይጠፋ ስለማውቅ፣ እኔ ስለ ሕንጻ ልጻፍ አልኩ። «ኧረ ባክህ፣ አሁንም ሕንጻ?» አለኝ የደወለው ጓደኛችን። አዎ፣ አሁንም ሕንጻ። ከተመረቅን ጀምሮ በየሳይቱ፣ በየስብሰባው፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር የምንጠየቃት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» የምትል። ሲቪልም አርክቴክቸርም የተማራችሁ ታውቋታላችሁ። እኔም ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ መልስ ስሰጥባት ኖሬያለሁ። እዚህ የምጽፈው የሁለት የቢሮ ሕንጻዎች እድሳት ታሪክ ነው። አንደኛውን ዓለም ያውቀዋል። ሁለተኛውን የምናውቀው እኔና ጥቂት ሰዎች ነን፤ እስካሁንም ለማንም አውርቼው አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሕንጻ አብረን ያየነው በ1978 ዓ.ም. ነው። ለመልሶ ማቋቋም ዘመቻ ጎጆ ስንሠራ ከርመን በተመለስን በዓመቱ መሆኑ ነው። አንዱ አስተማሪያችን በዚያ ሲሄድ በሚያስነጥሰው አሮጌ አውቶቡስ ጭኖን አፍሪካ አዳራሽ ወሰደን። ጥበቃዎቹ መታወቂያችንን አንድ በአንድ እያዩ አንድ ሰዓት ያህል በር ላይ አቆሙን። ገብተን ዞር ዞር ብለን ወጣን። በሳምንቱ አስተማሪያችን አንድ ጥያቄ ያላት ፈተና ሰጠን፤ «ግድግዳው ላይ ያለው ሞዛይክ ስንት ቀለም አለው?» እኔ «ቡኒ» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ሦስት» ብሎ ጻፈበት። ቡኒ፣ ብርቱካንማና ነጣ ያለ ክሬም ነበሩ። ብዙዎቻችን ወድቀናል፤ የት አለኝ ሞዛይክ ምን ሊያደርግልን ነው እያልን ስናማው እንደነበር ትዝ ይላችኋል።

የሕንጻው ታሪክ ከጅምሩ የጥድፊያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለኮሚሽኑ መሥሪያ ቤትና መሰብሰቢያ የሚሆን ሕንጻ በስጦታ ሊያሠሩለት ወሰኑ። ሥራው የተሰጠው ለአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ተወልዶ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. ገና በለጋ ዕድሜው አስመራ የገባና ሙያውን በዚያው የተካነ ሰው ነው። ማዘጋጃ ቤቱንም በኋላ የነደፈው እሱ ነው። አፍሪካ አዳራሽ በ18 ወር አለቀ። አስራ ስምንት ወር! ዛሬ እኛ በ18 ወር የጨረታ ሰነድ አስተካክለን ከጨረስን ተመስገን ነው።

ምርቃቱ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ሆነ። ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ፣ የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተማዋን አናውጧት ነበር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው ከዚያ ግርግር በኋላ ነው፤ ስድስት ኪሎ የተማራችሁ ሁሉ የዚያ ታኅሣሥ ወራሾች ናችሁ ማለት ይቻላል። ከምርቃቱ በኋላ ደግሞ ሌላ መናወጥ መጣ። በዚያው ዓመት በግንቦት ማብቂያ የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ፤ ለወራትም ሲደጋግም ከረመ። ማጀቴ ፈረሰች። የደሴ መንገድ ተሰነጣጠቀ። ነገሩን በየዝርዝሩ መዝግበው ያቆዩልን በእኛው ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን ናቸው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመው የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዬ አይነሣም። እንግዲህ አዲሱ ሕንጻ ገና የልስኑ ሽታ ሳይለቀው መሬት ተንቀጠቀጠበት። ቆመ። በሁለት ዓመቱ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙበት።

የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል መግለጽ አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም ቢያንስ በፖስት ካርድ አይታችሁታል። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ትናንት፣ ትግሏንና መጪዋን ያሳያል፤ ዘንዶውም ችቦውም አለ። ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት ወለሉ ላይ የሚወድቀውን ቀለም ያየ ሰው ግን ፖስት ካርዱን ይረሳዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ ዘመን ጣልያኖች ሕንጻ ብቻ ሳይሆን ቋንቋም ትተውልን ነው የሄዱት። ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ካሳፎርማ የምንለው ሁሉ የእነሱ ነው። ግንበኞቻችን እነዚህን ቃላት አብረው ሲሠሩ በጆሮ ይዘው፣ ለልጆቻቸው አስተላለፉ። እኛ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ተምረን ሳይት ስንወርድ የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍነው አስተርጓሚ በመፈለግ አልነበር? እኔን «ስታፋው ስንት ስንት ሳንቲም ይሁን?» ብሎ ፎርማኑ ሲጠይቀኝ ስለ ገንዘብ የጠየቀኝ መስሎኝ አማካሪውን ያነጋግር ብያለሁ። ይህንን የምጽፈው ከእኔ ሌላ የሚናገር ስለማይኖር ነው።

ወደ እድሳቱ ልመለስ። አዳራሹ ሃምሳ ዓመት ሲያልፈው አረጀ። ኮሚሽኑ በጎኑ አዳዲስ ቢሮዎች ሠርቷል፤ የመጨረሻው፣ ዛምቤዚ የሚባለው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ባን ኪ ሙን ባሉበት ተመርቋል። አሮጌውን አፍርሶ በቦታው ረጅም ሕንጻ ማቆም ከተማችን ለምዳዋለች። የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ለእድሳቱ እስከ 56.9 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ሥራው ከ2016 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. እንዲከናወን። ዋና ጸሐፊውም በየዓመቱ ስለ እድሳቱ እርምጃ ለጉባኤው ሪፖርት ያቀርብ ነበር። የእኛዋ «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ኒውዮርክም አለች ማለት ነው።

በጡረታ መዳረሻዬ ሰው ልብ ወለድ ሲያነብ እኔ እነዚያን ሪፖርቶች አነበብኩ። አሰልቺ ናቸው፤ አልዋሻችሁም። የገረመኝ ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው። ዲዛይን፣ ጥናት፣ ቅድመ ሥራ፣ ከዚያ ነው ዋናው ሥራ። በእኛ አገር ሳይት ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ወር አንድ ኃላፊ መጥቶ «መዶሻ የማይሰማበት ሳይት ምን ሳይት ነው?» ባለ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ ያለቀው ሕንጻው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ከዚያ ሞዛይኩ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጠጠሮች፣ በእነዚያው በሦስቱ ቀለሞች፣ እንደገና ተሠራ። የጥንቶቹ ወንበርና ጠረጴዛዎች ተጠግነው ተመለሱ። የአፈወርቅ መስታወት ታደሰ። መዋቅሩ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናከረ። በመካከሉ ኮሮናም መጣ፤ የ2021ዱ ቀጠሮ አለፈ። አንቶኒዮ ጉቴሬዝ መጥተው የመረቁት ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በ18 ወር የተሠራ ሕንጻ ለመታደስ ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀበት። ሰው ይህንን ሲሰማ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም፤ ለምን እንዳልሳቅኩ ደግሞ የሁለተኛውን ሕንጻ ታሪክ ሳልነግራችሁ አይገባችሁም።

በ1999 ዓ.ም. ነው። የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሕንጻ ይታደሳል ተብሎ እኔ በአማካሪው በኩል ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ ተመደብኩ። ስሙን አልጽፈውም፤ ዛሬም ሰው ይሠራበታል። በ1950ዎቹ የተሠራ ጂ ፕላስ ፋይቭ ነው። ደረጃው ቴራዞ፣ ፊቱ በትንንሽ ሞዛይክ የለበሰ፣ የፀሐይ መከላከያ አርማታ ክንፎች ያሉት። የኮንትራቱ ጊዜ አሥር ወር ነው፤ ለምን አትሉም? ሚሌኒየም! መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ከተማዋ አዲስ ልብስ መልበስ አለባት። ያኔ አዲስ ልብስ ማለት ሰማያዊ መስታወትና አልኮቦንድ ነበር። ሞዛይኩ ተጠርቦ ይወርዳል፣ ክንፎቹ ይቆረጣሉ፣ በላዩ የብረት ፍሬም ታስሮ አልኮቦንድ ይለብሳል። ሥዕሉ ሲቀርብ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሁለተኛው ወር ላይ ምድር ቤቱ መለቀቅ ነበረበት። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ፣ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ የሚላት በዕድሜ ጠና ያለች ሴት፣ እርጥበት የበላውን ወረቀት እያስለየች ታስወጣለች። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው መኪና አሸዋ ያራገፈ ገልባጭ ነው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ጥቅል የሕንጻው ፕላን ነው ይላሉ። ከሌላው ጋር አብሮ ይጫን?» አለችኝ።

ጥቅሉን አየሁት። የሻገተ፣ በሲባጎ የታሰረ፣ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው። ጊዜ ከልክ በላይ አጥሮኛል፤ ከሰዓት ሳይት ሚቲንግ አለ፤ ፐርሰንቱ ከፕሮግራሙ በአራት ወደኋላ ቀርቷል።

«ይጫን እትዬ» አልኳት።

«እኔ ወረቀት ያለ ፊርማ አላስወጣም» አለች። የመዝገብ ቤት ሰው አይደለች? ፈረምኩላት። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል አንዷን ጥቅል ከላይ ሳብ አድርጋ፣ «ይቺን እንኳን ለልጆችዎ ደብተር መሸፈኛ ይውሰዱ፣ ወረቀቷ ጠንካራ ናት» ብላ ሰጠችኝ። ወስጄ ቁም ሳጥን ላይ ጣልኳት። በዚያ ወር ሪፖርቴ ላይ «የምድር ቤት ማጽዳት ሥራ፣ 100 ፐርሰንት» ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነበር፤ ቁጥሩ ምንም ስሕተት የለበትም። የእኛ ፐርሰንት የሚቆጥረው የገባውን ሥራ ነው፤ ለወጣው ነገር ግን በሠንጠረዡ ላይ ዓምድ የለውም።

ሞዛይኩን በጃክ ሃመር ነው ያወረድነው። ከሥሩ ያለውም ልስን ለቀቀ፤ አንዳንድ ቦታ አርማታውም ተነካ። ቸኩለናል፣ በልስን ደፈን ደፈን አድርገን በላዩ ፍሬሙን በቡሎን አሰርን። ጳጉሜን ላይ አስረከብን። በመስከረም ቴሌቪዥን አሳየው፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና «ያንተ ሕንጻ እንዴት አምሮበታል!» ብላ ጎረቤት ሁሉ ጠርታ አሳይታለች።

እንግዲህ ወደ 2017 እንምጣ። አፍሪካ አዳራሽ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በመስከረም ማብቂያ፣ አዋሽ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ተሰማ። ከዚያ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ እየደጋገመ፣ በታኅሣሥና በጥር ከ5 በላይ የተመዘገበ መጣ፤ የዚያ አካባቢ ሕዝብ ከቀዬው እስከ መነሣት ደረሰ። እናንተም ሌሊት ነቅታችሁ አምፖል ስትወዛወዝ ሳታዩ አልቀራችሁም። በጥር ወር አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። የዚያ መሥሪያ ቤት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነው፤ ስሜን ከድሮ ርክክብ ሰነድ ላይ አግኝቶት ነው።

«ኢንጂነር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሠራተኛው አልገባም ብሎናል። ኮለኑና ቢሙ የሚገናኙበት ቦታ ስንጥቅ አለ። ባለሙያዎች መጥተው መጀመሪያ የጠየቁት ኦሪጅናል ፕላኑን ነው። እርስዎ ጋ አይጠፋም ብለን ነው።»

ለማታውቁት ለሌላ ትምህርት ክፍል ልጆች ላስረዳ። አንድ የአርማታ ኮለን ውጪውን ብታዩት አይናገርም። ጥንካሬው ያለው ውስጡ ባለው ፌሮ ብዛትና ውፍረት፣ በይበልጥም ስታፋው ምን ያህል ተጠጋግቶ እንደታሰረ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ኮለኑን ሳይፈነዳ የሚይዘው ያ ስታፋ ነው። በ1950ዎቹ ዛሬ የምንሠራበት ዓይነት የመንቀጥቀጥ ኮድ አልነበረንም፤ እኛ ለብዙ ዓመት የሠራንበት ኢቢሲኤስ 8 እንኳ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን መሐንዲስ በልቡ ምን እንዳሰበ የሚነግረን ፕላኑ ብቻ ነው። ፕላኑ ካለ አንድ ጥሩ መሐንዲስ በጥቂት ሳምንት ሒሳቡን ሠርቶ «ግቡ» ወይም «አትግቡ» ይላል። ከሌለ ሕንጻውን እንደ በሽተኛ አንድ በአንድ መመርመር ነው።

ማታ ወንበር ላይ ወጥቼ ያቺን ጥቅል ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኳት። ልጄ አድጋ እሷም ልጅ ወልዳለች፤ ለደብተር መሸፈኛ ሳትሆን ቀርታለች። ዘረጋኋት። ስላችሁ ኮለን መስሏችሁ ነበር? የመጸዳጃ ቤት ዝርዝር ነው። የመታጠቢያ ሳህን፣ የቧንቧ መስመር፣ ጽሑፉ በጣልያንኛ፣ በእርሳስ አሳምሮ የተሠራ። ጥጉ ላይ የገጹ ቁጥር አለ፤ ከ46 ገጽ 31ኛው። አርባ ስድስት ገጽ ነበር ማለት ነው። አርባ አምስቱን ገልባጭ ላይ ያስጫንኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬም ምናልባት እስካሁን እትዬ ፋይል ውስጥ አለ።

ለኃላፊው እውነቱን ነገርኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ። ያለ ክፍያ ልሥራ አልኩ፤ ጡረታ ላይ ያለ ሰው ሌላ ምን ይሰጣል። ከሁለት ወጣት መሐንዲሶች ጋር ጀመርን፤ አንደኛዋ ያው የእኛው ግቢ ልጅ ናት። መጀመሪያ አልኮቦንዱን ከአንድ ጥግ አስነሣን። ከኋላው ያየሁትን በቃል ለመግለጽ አልፈልግም፤ ባጭሩ፣ በየቡሎኑ ቀዳዳ ለዓመታት ውኃ ሲገባ ኖሯል፤ ሞዛይኩ ያኔ ሲጠብቀው የነበረው አርማታ ቅርፊቱ እየረገፈ፣ ፌሮው ዝጎ አብጧል። ልጅቷ በእጇ ነካ ስታደርገው እንደ ቆሎ ረገፈ። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለችኝ። «እኔ» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ሥራው እየሄደ ነው። ፌሮ በሚፈልገው መሣሪያ ኮለኑን እናዳምጣለን፤ አስፈላጊ ሲሆን ጠባብ ቦታ ጠርበን በዓይናችን እናያለን፤ ከአርማታው ናሙና ቆርጠን ላቦራቶሪ እንልካለን። ያገኘነውን ሁሉ ልጅቷ እንደ አዲስ ፕላን እየሳለችው ነው። እስካሁን ስታፋው ከፈራሁት የተሻለ ቦታ አለ፤ ከፈራሁት የባሰም ቦታ አለ። አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ተዘግተዋል፤ ሠራተኛው ምድርና አንደኛ ላይ ተጨናንቆ ይሠራል። የታችኞቹን ኮለኖች ቀድመን አይተን ነው እንዲገቡ ያልናቸው።

ኃላፊው በየሳምንቱ ሰኞ ይደውላል። «ኢንጂነር፣ ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ይላል። ፐርሰንት መናገር ትቼያለሁ። «ከ64 ኮለን 27ቱን አይተናል» እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይናደድ ነበር፤ አሁን አሁን እሱም ለአለቆቹ በኮለን ነው የሚናገረው።

አንድ ጉዳይ አለኝ ወገኖች። ከተመረቅን በኋላ በምደባ ዲዛይን ክፍል፣ ኪራይ ቤቶች፣ ማዘጋጃ ቤት የገባችሁ ብዙ ናችሁ። በዚያን ጊዜ የድሮ ሕንጻ ፕላን ብሉፕሪንት እየተገለበጠ በየቢሮው ይቀመጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ገጾቹ ጥግ ላይ በጣልያንኛ የተጻፈ፣ ከ46 የሚል ቁጥር ያለው፣ ጂ ፕላስ ፋይቭ ቢሮ ሕንጻ የሆነ ነገር ቤታችሁ ቁም ሳጥን ላይ ወይም የልጆች ደብተር ላይ ካለ፣ በበዓሉ ቀን ይዛችሁልኝ ኑ። ገጽ 31ን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ ታገኙኛላችሁ።